«ቀልብስ» መቼ ይብራ? የዴስክቶፕ ጽሑፍ ሳጥኖች ንጽጽር

የዴስክቶፕ ፕሮግራም እየሠራችሁ ነው እንበል። ሜኑው ላይ «ቀልብስ» (Undo) የሚል፣ የመጨረሻውን እርምጃ የሚመልስ ትእዛዝ አለ። ሳጥኑ ውስጥ የሚመለስ ነገር ካለ ትእዛዙ ይበራል፤ ከሌለ ይደበዝዛል። ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን እያንዳንዱ ቱልኪት፣ ማለትም መስኮት፣ ቁልፍና ሳጥን የምንሠራበት የኮድ ስብስብ፣ የራሱ አመል አለው። አንዱ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። ሌላው ሁኔታው በተቀየረ ቁጥር ራሱ ይናገራል። የእርምጃ ታሪክ የሚባል ነገር ጭራሽ የማይዝም አለ፤ ኮንትሮል ዜድ ብትጫኑ ዝም ይላችኋል።

ለዚህች አንድ ትእዛዝ ብሎ ቱልኪት የሚቀይር ሰው ያለ አይመስለኝም። አዲስ ሥራ ልትጀምሩ ከሆነ ግን ከሌሎቹ መመዘኛዎች ጋር ይህንንም ብታስገቡት በኋላ ከብዙ ጣጣ ትድናላችሁ። የተጀመረ ሥራ ይዛችሁ ከሆነም ባላችሁበት ቱልኪት የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ ከታች ታገኛላችሁ።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው ጥያቄ ታሪኩን ማን ይይዛል የሚለው ነው። ሳጥኑ ራሱ ከያዘው የእናንተ ሥራ መጠየቅ ብቻ ነው። ካልያዘ ታሪክ መያዣውን እናንተ ትገጥማላችሁ።

ሁለተኛው፣ ትጠይቁታላችሁ ወይስ ይነግራችኋል? ለሜኑ መጠየቅ ይበቃል። ሜኑው ሊከፈት ሲል አንዴ ጠይቆ ማብራት ወይም ማደብዘዝ ነው። ሁልጊዜ ለሚታይ የቱልባር ቁልፍ ግን ማሳወቂያ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ሰውየው ሁለት ቃል ጽፎ ቁልፉ አሁንም ደብዝዞ ያየዋል።

ሦስተኛው፣ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል? አንድ ብቻ ከሆነ ተጠቃሚው ቶሎ ያኮርፋል።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ተጠቃሚው ሳይሆን ኮዳችሁ ጽሑፍ ሲያስገባ ታሪኩ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ሳጥን ታሪኩን ጠርጎ ያጠፋዋል። መዝገብ ሲከፈት ይህ ጥሩ ነው። «ቀኑን አስገባ» የሚል ቁልፍ ሲጫን ግን መጥፎ ነው፤ ሰውየው እስከዚያ የጻፈውን መመለስ አይችልም። ሌላው ሳጥን ደግሞ ኮዱ ያስገባውንም እንደ ተጠቃሚ እርምጃ ይመዘግበዋል። ያኔ አንዱ ሠራተኛ የደንበኛ መዝገብ ይከፍታል፣ ሳያስበው ኮንትሮል ዜድ ይጫናል፣ የደንበኛው ስም ይጠፋል። ከዚያ «አስቀምጥ» ካለ አለቀ።

አምስተኛው የትኩረት ጉዳይ ነው። መስኮቱ ላይ አሥር ሳጥን ሊኖር ይችላል፣ ሜኑው ግን አንድ ነው። «ቀልብስ» የሚለው የትኛውን ሳጥን ነው? ቁልፉ ራሱ ሲጫን ትኩረቱን ከሳጥኑ የሚነጥቅ ከሆነስ?

ስድስተኛው የእኛ ነው፤ አማርኛ። በኪይማን ዓይነት መሣሪያ ስንጽፍ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። መጀመሪያ «ስ» ይመጣል፣ ቀጥሎ አናባቢው ሲነካ «ስ» ጠፍቶ «ሰ» ይተካል። «ሰላም» አምስት ቁልፍ ነው። ሳጥኑ እያንዳንዷን መተካት ለብቻዋ ከመዘገበ ቀልብስ ሲባል «ሰላ» ወደ «ሰል» እያለ በማንም ያልታሰቡ ቅርጾች ውስጥ ያልፋል። የዩኒኮድ ጥፋት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ከ1999ኙ ዩኒኮድ 3.0 ጀምሮ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፣ ስለዚህ «ሰ» ሲቀመጥ አንድ ነገር ነው። ጣጣው የሚመጣው ከአገባቡ ነው።

ወደ አማራጮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። «ጽሑፉ ተቀይሯል» የሚለውን ምልክት ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። ተቀይሯል ማለት ካለፈው ማስቀመጥ ወዲህ ልዩነት አለ ማለት ነው። ሰውየው ሲያስቀምጥ ምልክቱ ይጠፋል፤ የሚመለስ ታሪክ ግን አሁንም አለ። በዚህ ምልክት ቀልብስን ያደበዘዘ ፕሮግራም ተጠቃሚውን መብቱን ይነፍገዋል።

ዊን32 እና ዊንፎርምስ

ዊን32 የዊንዶውስ መሠረታዊ የፕሮግራም መሥሪያ ነው፤ ተራው የጽሑፍ ሳጥኑ ታሪኩን ራሱ ይይዛል። «ካንአንዱ» (CanUndo፣ መቀልበስ ይቻላል ወይ?) የሚል መልእክት ትልኩለታላችሁ፣ አለ ወይም የለም ብሎ ይመልሳል። በላዩ የተሠራው የዶትኔት ቱልኪት ዊንፎርምስ ይህንኑ በፕሮፐርቲ (ከሳጥኑ ላይ በስም በሚነበብ ዋጋ) ሸፍኖ ያቀርበዋል፤ ስሙም ያው «ካንአንዱ» ነው።

ችግሩ ታሪኩ አንድ እርምጃ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ብትቀለብሱ የቀለበሳችሁት ራሱ ይመለሳል። ስለዚህ «ካንአንዱ» ከቀለበሳችሁ በኋላም «አለ» ይላል፤ ያለው ግን ወደ ፊት የሚሄድ እንጂ ወደ ኋላ የሚሄድ አይደለም። የማይክሮሶፍት ምሳሌ ኮድ ከቀለበሰ በኋላ ወዲያው ታሪኩን በ«ክሊርአንዱ» የሚያጸዳው ለዚህ ነው። የድሮው ኖትፓድ አመልም ከዚሁ የመጣ ነው። ማይክሮሶፍት በፈረንጆች 2021 መጨረሻ አዲሱን የዊንዶውስ 11 ኖትፓድ ሲያስተዋውቅ ባለ ብዙ እርምጃ ቀልብስን እንደ አዲስ ነገር ነበር ያቀረበው። እስከዚያ ድረስ ስንቶቻችን ነን ኖትፓድ ላይ ኮንትሮል ዜድ ደጋግመን ጽሑፉ ብልጭ ድርግም ሲል ያየን!

የዊንፎርምስ ሪችቴክስትቦክስ፣ ቅርጽ ያለው ጽሑፍ የሚይዘው ሳጥን፣ ሌላ ነው። ከሥሩ ካለው የዊንዶውስ ሳጥን ከሪች ኤዲት 2.0 ጀምሮ ባለ ብዙ እርምጃ ሆኗል፣ ሳይነካ ከተተወ እስከ 100 እርምጃ ይይዛል። «ካንሪዱ» (CanRedo፣ የተቀለበሰውን መድገም ይቻላል ወይ?) አለው፤ የሚቀለበሰው መጻፍ ይሁን መለጠፍ ስሙን ጭምር ይነግራችኋል። ተራ ጽሑፍ ብቻ ለመጻፍ ቢሆንም ቀልብስ ለሚያስፈልገው ሰፊ ሳጥን እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ።

ኮድ ሲያስገባስ? በዊንፎርምስ ተራ ሳጥን «ቴክስት» የሚለውን ፕሮፐርቲ ስትሞሉ ታሪኩ ይጠፋል። «ሰሌክትድቴክስት»ም ያጠፋዋል። ታሪኩን ሳይነካ የሚያስገባው «ፔስት» የሚለው ሜተድ ነው፣ ጽሑፉን በቅንፍ ተቀብሎ። ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ማሳወቂያ የለውም። «የሚቀለበስ ነገር መጣ» የሚል ኢቨንት አትፈልጉ። ሜኑው ሲከፈት ጠይቁ፤ ለቱልባር ደግሞ ጽሑፍ ሲቀየርና ትኩረት ሲዞር ጠይቁ። ቁልፉን ከተራ በተን ይልቅ በቱልስትሪፕ (በዊንፎርምስ ቱልባር) ላይ ብታደርጉት ይሻላል። ተራው በተን ሲጫን ትኩረቱን ይወስዳል፣ ቱልስትሪፕ ግን አይወስድም።

ደብሊውፒኤፍ

ደብሊውፒኤፍ (WPF) የማይክሮሶፍት ሌላው የዊንዶውስ ቱልኪት ነው፤ እዚህ ነገሩ ይቀላል። «ካንአንዱ» አለ፣ «ካንሪዱ» አለ። የእርምጃውን ገደብ ኔጌቲቭ 1 ብታደርጉት ሜሞሪ እስከፈቀደ ይሄዳል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የትእዛዝ ሥርዓቱ ነው። የሜኑውን ትእዛዝ ከተዘጋጀው «አፕሊኬሽንኮማንድስ» ውስጥ ካለው ቀልብስ ጋር ካገናኛችሁት ትኩረት ያለበትን ሳጥን ራሱ ፈልጎ ይጠይቃል፣ ራሱ ያበራል፣ ራሱ ያደበዝዛል። አንድ መስመር ኮድ አትጽፉም።

አንድ ወጥመድ አለው። ይህ የሚሠራው ቁልፉ ሜኑ ወይም ቱልባር ውስጥ ሲሆን ነው። ከእነዚህ ውጪ ያለ ተራ በተን ሳጥኑን አያገኘውም፣ ደብዝዞ ይቀራል። ያኔ የታለመውን ሳጥን በ«ኮማንድታርጌት» ለይታችሁ መንገር አለባችሁ። ሌላው፣ ገደቡን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ መቀየር ታሪኩን ያጠፋል። መጀመሪያ ላይ ወስኑና ተዉት።

ኪዩት

በዊንዶውስም በሊነክስም በማክም የሚሠራው ኪዩት (Qt) ለሰፊው ሳጥን ያለው መልስ ከሁሉም የጠራ ነው። «አንዱአቬይሌብል» የሚል ሲግናል (ሳጥኑ ራሱ የሚልከው ማሳወቂያ) አለ፤ ሁኔታው ሲቀየር ይነሳል፣ አለ ወይም የለም የሚለውን ይዞ ይመጣል። ያንን ከቁልፉ «ሰትኢኔብልድ» ጋር ማገናኘት ነው። አለቀ። ስንት እርምጃ እንዳለ መቁጠርም ይቻላል፣ ከሰነዱ።

ባለ አንድ መስመሩ ሳጥን፣ ማለትም ኪውላይንኤዲት፣ ግን ይህ ሲግናል የለውም። «ኢዝአንዱአቬይሌብል» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ እንጂ አይነግራችሁም። የሁለቱን ልዩነት ያላወቀ ሰው የሌለ ሲግናል ሲፈልግ ይውላል። መፍትሔው የጽሑፍ መቀየር ሲግናሉን ይዞ እዚያው መጠየቅ ነው።

ኮድ ሲያስገባ ሕጉ ግልጽ ነው። «ሰትቴክስት» እና «ሰትፕሌይንቴክስት» ታሪኩን ያጠፋሉ፣ ለመዝገብ መክፈቻ የሚሆኑ እነሱ ናቸው። ታሪኩ እንዲቆይ ስትፈልጉ በሰፊው ሳጥን ላይ በከርሰር በኩል አስገቡ፤ «ቢጊንኤዲትብሎክ» እና «ኤንድኤዲትብሎክ» መሃል ያደረጋችሁት ሁሉ እንደ አንድ እርምጃ ይመለሳል። ከጽሑፍ ሌላ ሥዕል፣ ሠንጠረዥ ወይም ቅርጽ የሚቀለበስበት ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ኪውአንዱስታክ ለብቻው ተዘጋጅቶላችኋል።

ዋጋውስ? ኤልጂፒኤል በሚባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ በነፃ መጠቀም ይቻላል፣ ግዴታዎቹን እስካከበራችሁ። በፓይተን ከሆነ ኪዩትን የሚያገናኙ ሁለት አሉ፤ ፓይሳይድ በዚሁ ፈቃድ ይገኛል፤ ፓይኪዩት ግን ጂፒኤል (የእናንተንም ኮድ ክፈቱ የሚል ፈቃድ) ወይም የሚገዛ ፈቃድ ነው። የተዘጋ ኮድ ለምትሸጡ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጂቲኬ

ጂቲኬ (GTK) በሊነክስ የተለመደ ቱልኪት ነው። የጂቲኬ 3 ጽሑፍ ሳጥን ቀልብስ የሚባል ነገር አብሮት አልተሠራም። ፕሮግራመሮች ቀልብስ ያለውን ተጨማሪ ሳጥን ጂቲኬሶርስቪውን ይጨምሩ ነበር ወይም የራሳቸውን ይጽፉ ነበር። በ2020 መጨረሻ የወጣው ጂቲኬ 4 ይህን ፈታው። የሰፊው ሳጥን በፈር (ጽሑፉን የሚይዘው ክፍል) «ካንአንዱ» የሚል ፕሮፐርቲ አለው፣ ሲቀየርም ያሳውቃል። ባለ አንድ መስመሩ ቀልብስን ይሠራል፣ ግን ይህን ፕሮፐርቲ አያወጣላችሁም። ጽሑፉን በሙሉ በኮድ መተካት ታሪኩን ያጠፋል። ጂቲኬ 3 ላይ ያለ የቆየ ፕሮግራም ከያዛችሁ ለዚህ ብላችሁ አትሰደዱ፤ ሶርስቪውን ጨምሩ።

ስዊንግ እና ጃቫኤፍኤክስ

ሁለቱም የጃቫ ቱልኪቶች ናቸው። ስዊንግ ላይ ሳጥኑ ታሪክ አይይዝም። ለውጥ ሲኖር ግን ያሳውቃል። እናንተ «አንዱማኔጀር» (UndoManager፣ ታሪክ መያዣ) ፈጥራችሁ ከሳጥኑ ዶክዩመንት (ጽሑፉን ከሚይዘው ክፍል) ጋር ታገናኛላችሁ፣ ከዚያ «ካንአንዱ» ብላችሁ ማኔጀሩን ትጠይቃላችሁ። ሳይነካ ገደቡ 100 ነው። ነፃነቱ ብዙ ነው፣ ጣጣውም እንዲሁ።

ጣጣ አንድ፦ ማኔጀሩ ሁኔታው ሲቀየር አይነግራችሁም። ከእያንዳንዱ ለውጥ፣ ከእያንዳንዱ መቀልበስና መድገም በኋላ ቁልፎቹን እናንተ ማደስ አለባችሁ። ሳይጠይቁ ባዶ ታሪክ ላይ መቀልበስ ስህተት ያስነሳል።

ጣጣ ሁለት፦ «ሰትቴክስት» ታሪኩን አያጠፋም። ይባስ ብሎ አሮጌውን ማጥፋት አንድ እርምጃ፣ አዲሱን ማስገባት ሌላ እርምጃ ተደርጎ ይመዘገባል። ተጠቃሚው አንዴ ሲቀለብስ ሳጥኑ ባዶ ይሆንበታል። ከላይ የጠቀስኩት የደንበኛ ስም የሚጠፋው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። መዝገብ ከተከፈተ በኋላ «ዲስካርድኦልኤዲትስ» መጥራት ግዴታ ነው።

ጣጣ ሦስት፦ የሳጥኑን ዶክዩመንት በሌላ ከቀየራችሁ ማኔጀሩ አሮጌውን እያዳመጠ ይቀራል።

ጣጣ አራት አማርኛ ላይ ነው የሚገርመው። ስዊንግ እያንዳንዷን ለውጥ ለየብቻ ይመዘግባል። መጻፊያው ቀዳሚውን ፊደል በባክስፔስ አጥፍቶ አዲሱን የሚያስገባ ዓይነት ከሆነ «ሰላም» አምስት ማስገባትና ሁለት ማጥፋት ነው። ሦስት ፊደል ለመመለስ ሰባት ጊዜ ኮንትሮል ዜድ! መፍትሔው ተቀራራቢ ለውጦችን በ«ኮምፓውንድኤዲት» ማሰር ነው። ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሠራ ስዊንግ ፕሮግራም ይህን ሳያደርግ ባይወጣ ደስ ይለኛል።

ጃቫኤፍኤክስ ከጃቫ 8 ማሻሻያ 40 ወዲህ «አንዱኤብል» የሚል ፕሮፐርቲ በሰፊውም በጠባቡም ሳጥን ላይ አለው። የሜኑውን መደብዘዝ ከዚህ ተቃራኒ ጋር ማሰር ብቻ ነው። ይህ ከኪዩት ባለ አንድ መስመር ሳጥን እንኳ የተሻለ ነው። ልብ በሉ፣ ከጃቫ 11 ጀምሮ ከጄዲኬው (ከጃቫ መሥሪያ ጥቅል) ተነጥሎ ስለወጣ ለብቻው መጨመር አለበት።

ቲኪንተር

ፓይተን ለሚማር ሰው የመጀመሪያው ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከፓይተን ጋር ይመጣል፣ ክፍያ የለውም። ሰፊው «ቴክስት» ቀልብስ አለው፣ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ሲፈጠር «አንዱ እኩል ትሩ» (undo=True) ካላላችሁት ምንም አይመዘግብም። በኋለኞቹ የቲኬ (ቲኪንተር የቆመበት ቱልኪት) 8.6 እትሞች ታሪኩ እንዳለ መጠየቂያ ገብቷል፤ ቲኪንተር ለብቻው ሜተድ ባይሰጠውም «ኤዲት» በሚለው ሜተድ በኩል «ካንአንዱ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የቆየ እትም ላይ ያላችሁ ደግሞ ቀልብሱት፣ ባዶ ከሆነ የሚነሳውን ስህተት ያዙ። ይህ ግን ቁልፉን ለማደብዘዝ አይረዳም፤ ለማወቅ ብሎ መቀልበስ አይቻልማ!

ፋይል ከፍታችሁ ጽሑፉን ካስገባችሁ በኋላ «ኤዲትሪሴት» አትርሱ። ካልሆነ የመጀመሪያው ኮንትሮል ዜድ ፋይሉን በሙሉ ያጠፋዋል። ባለ አንድ መስመሩ «ኢንትሪ» ቀልብስ ጭራሽ የለውም። አንዳንዱ ሰው ቁመቱ አንድ መስመር የሆነ «ቴክስት» በምትኩ ያስቀምጣል፤ ለትንሽ ሥራ ክፉ አይደለም።

ማክ

የማክ ሥርዓት ታሪኩን ከሳጥኑ አውጥቶ ለአንዱማኔጀር ይሰጣል፣ ሜኑውም መብራት ወይም መደብዘዙን ራሱ ይወስናል። በኮድ ለምትፈጥሩት ሰፊ ሳጥን፣ ለኤንኤስቴክስትቪው፣ «አላውስአንዱ»ን ማብራት አለባችሁ፤ ተዘግቶ ነው የሚጀምረው። ገደቡ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ማለት ገደብ የለም ማለት ነው። በአንድ መስኮት ያሉ ባለ አንድ መስመር ሳጥኖች አንድ የጋራ አርታኢ ስለሚጠቀሙ «የዚህ ሳጥን ታሪክ» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ያስቸግራል። መደበኛውን ሜኑ ተጠቀሙ፣ ለራሱ ተዉት።

ኤሌክትሮን

ኤሌክትሮን በድረ ገጽ ኮድ ዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ ነው። እዚህ ታሪኩ የክሮሚየም፣ ማለትም አብሮት የሚመጣው አሳሽ፣ ነው፤ እናንተ በሩቁ ነው የምታዩት። «ኩዌሪኮማንድኢኔብልድ» የሚለው የድሮ ጥያቄ አሁንም ይመልስ ይሆናል፣ ግን ጊዜ ያለፈበት ተብሎ ተመዝግቧል፤ አዲስ ሥራ አትገንቡበት። ቀኝ ክሊክ ሲደረግ የሚመጣው ኢቨንት «ኤዲትፍላግስ» ውስጥ «ካንአንዱ»ን ይዞ ይመጣል። ለቀኝ ክሊክ ሜኑ ይህ ይበቃል። ለላይኛው ሜኑና ለቱልባር ግን አይበቃም። የሳጥኑን «ቫልዩ» በኮድ መቀየር ደግሞ የአሳሹን ታሪክ ያበላሻል።

ቀልብስ ዋና ነገር ከሆነባችሁ ኮድሚረር የሚባለውን ዝግጁ የጽሑፍ ሳጥን አስገቡ። ስድስተኛው እትም «አንዱዴፕዝ» የሚል ተግባር አለው፣ ስንት እርምጃ እንዳለ ይቆጥራል። ዜሮ ከሆነ አደብዝዙ።

በአንድ እይታ

| ቱልኪትና ሳጥን | ታሪክ ያዥ | ማሳወቂያ | ጥልቀት | ኮድ ሙሉ ጽሑፍ ሲተካ |
|---|---|---|---|---|
| ዊንፎርምስ ተራ ሳጥን | ሳጥኑ | የለም | 1 | ታሪክ ይጠፋል |
| ዊንፎርምስ ሪችቴክስትቦክስ | ሳጥኑ | የለም | 100 | ሞክራችሁ እዩ |
| ደብሊውፒኤፍ | ሳጥኑ | በትእዛዝ ሥርዓቱ | ብዙ | ሞክራችሁ እዩ |
| ኪዩት ሰፊ ሳጥን | ሰነዱ | አለ | ብዙ | ታሪክ ይጠፋል |
| ኪዩት ባለ አንድ መስመር | ሳጥኑ | የለም | ብዙ | ታሪክ ይጠፋል |
| ጂቲኬ 4 ሰፊ ሳጥን | የሳጥኑ በፈር | አለ | ብዙ | ታሪክ ይጠፋል |
| ስዊንግ | እናንተ | የለም | 100 | ሁለት እርምጃ ሆኖ ይመዘገባል |
| ጃቫኤፍኤክስ | ሳጥኑ | አለ | ብዙ | ሞክራችሁ እዩ |
| ቲኪንተር «ቴክስት» | ሳጥኑ፣ ካበራችሁት | በእትሙ ይወሰናል | ገደብ የለውም | ይመዘገባል |
| ማክ ኤንኤስቴክስትቪው | አንዱማኔጀር | ሜኑው ራሱ | ገደብ የለውም | በቀጥታ ከተተካ አይመዘገብም |
| ኤሌክትሮን ተራ ሳጥን | ክሮሚየም | በቀኝ ክሊክ ብቻ | ብዙ | ታሪክ ይበላሻል |

ለማን የትኛው?

ተማሪ ከሆናችሁ፣ ወይም ለራሳችሁ ትንሽ ማስታወሻ መያዣ ከሠራችሁ፣ ቲኪንተር ይበቃል። ማስታወስ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ማብራትና ከፋይል መክፈት በኋላ ማጽዳት።

ለዊንዶውስ ብቻ የምትሠሩ፣ ለምሳሌ የሱቅ ወይም የክሊኒክ መዝገብ፣ አዲስ ከሆነ ደብሊውፒኤፍን ያዙ። ቀድሞ በዊንፎርምስ የተሠራ ከሆነ አትንኩት። ረጅም ጽሑፍ የሚጻፍባቸውን ሳጥኖች ብቻ ወደ ሪችቴክስትቦክስ ለውጡ፤ የስልክ ቁጥር ሳጥን አንድ እርምጃ ቢኖረው ማንም አይከፋም።

በዊንዶውስም በሊነክስም በማክም መሮጥ ካለበት ኪዩት። የጃቫ ቡድን ከሆናችሁ ጃቫኤፍኤክስ፤ ስዊንግ ላይ ከቆያችሁ አንድ ጥሩ ታሪክ መያዣ ክላስ አንዴ ጽፋችሁ ለሁሉም ሳጥን ተጠቀሙበት።

ኤሌክትሮንን ድረ ገጽ የሚያውቅ ቡድን ብቻ ላለው ሰው እተወዋለሁ። ሜሞሪያቸው ትንሽ በሆነ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ከባድ ነው፤ ለአንድ ጽሑፍ ሳጥን ክሮሚየምን ሙሉውን ይዞ መምጣት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመወሰናችሁ በፊት ባዶ መስኮት ላይ አንድ ሳጥንና አንድ የቀልብስ ቁልፍ አድርጋችሁ ይህን ሞክሩ። ሳጥኑን በኮድ «አበበ» ብላችሁ ሙሉ፤ ቁልፉ መደብዘዝ አለበት። በአማርኛ መጻፊያችሁ «ሰላም» ጻፉ፤ መብራት አለበት። ከዚያ እስኪደበዝዝ ቀልብሱ። ቁልፉ የደበዘዘው ሳጥኑ ውስጥ «አበበ» ብቻ በቀረበት ቅጽበት ከሆነ ቱልኪቱ ይሆናችኋል። ቀድሞ ከደበዘዘ፣ ወይም «አበበ»ም አብሮ ከጠፋ፣ የትኛው መለኪያ ላይ እንደወደቀ ከላይ ካለው ሠንጠረዥ ፈልጉ።